«እርስዎ» የተባልንበት ዓመት

ድሬዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጥ እንግዳ የሚደነግጠው በሙቀቱ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ በባጃጅ ነጂ «አንተ! ሳቢያን ነህ? ና ግባ አቦ!» ሲባል ይሰማና ክው ይላል። እዚህ ታላቅ የሚከበርበት ሌላ መንገድ ሞልቷል፤ አንቱታ ግን የለም። እንዲያውም ድንገት «አንቱ» የተባለ የድሬ ሰው ወይ ተቀይመውኛል፣ ወይ ሊበደሩኝ ነው፣ ወይ ደግሞ ጠሪዬ የመንግሥት ሰው ነው ብሎ ይጠረጥራል።

በ2012 ዓ.ም. መላዋ ከተማ በአንድ ጀምበር «እርስዎ» ተባለች። «ቤትዎ ይቆዩ»፣ «እጅዎን ይታጠቡ»፣ «ርቀትዎን ይጠብቁ»። ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና ከከዚራ ጥላማ መንገዶች ተነሥቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ፣ እስከ እኛ ሰፈር ድረስ ይህንኑ እየደጋገመ ዞረ። ጎረቤቴ አንገቷን በበር አውጥታ ካዳመጠች በኋላ «ማንን ነው የሚያናግረው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ሂስ አልሰማሁም።

ለአንባቢ ልደብቀው የማይገባኝ ነገር አለ። በሰፈራችን ከተነበቡት ማስታወቂያዎች የአንዱን አማርኛ ያቃናሁት እኔ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው በአቅራቢያ ካለ ወረቀት ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት በእስኪርቢቶ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ረቂቅ ይዞ መጣ። ጽሑፉ ሁሉ በ«አንተ» ነበር። «ይህማ የጎረቤት ወሬ ይመስላል» ብዬ በ«እርስዎ» ገለበጥሁት፤ ረዘም ያለውንም አሳጠርሁለት። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። ስለ ቆረጥሁት ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእነዚህ ገጾች ላይ ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል መመርመር የተለመደ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ ከተጻፈው ሁሉ በብዙ ሰው ጆሮ የገባው ልብ ወለድ አልነበረም፤ የኮሮና ማስታወቂያ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ ዘንድ የደረሰ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ሳይመዘን ማለፉ ደግ አይመስለኝም።

ዋናውን ሰነድ እናስቀድም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳይሞላ፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 466/2012 ተከተለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። እጅ መጨባበጥ ክልክል ሆነ። በአደባባይ ጭምብል ግዴታ ሆነ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይቀጣል።

እንደ ሕግ ሳነበው ብዙም አልከፋኝም። አልጋውና ኦክስጅኑ በጣት የሚቆጠር አገር ከመታመም በፊት መጠንቀቅን ቢመርጥ የሚወቀስ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከሰነዱ ውስጥ ወደ ድምፅ ማጉያው የወጣው የትኛው ነው የሚለው ነው። በዚያው ደንብ ውስጥ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዲሁ በዘፈቀደ እንዳያሰናብት የሚከለክል ድንጋጌ አለ። ከሰነዱ ሁሉ የሰው ጠረን ያለው እሱ ነው። ታዲያ ይህን በድምፅ ማጉያ የሰማ ማን አለ? እኔ ባቃናሁት ወረቀት ላይም አልነበረም። ቀፊራ ገበያ ልባሽ ጨርቅ የምትነግደው ያቺው ጎረቤቴ ግንቦት ላይ ኪራይ ሲጨመርባት የሚከለክል ሕግ መኖሩን አታውቅም ነበር። መጨባበጥ መከልከሉን ግን የሦስት ዓመት ልጇም ያውቃል። አንድን ሰነድ ማን እንዳነበበው ለማወቅ የትኛው ገጹ እንደቆሸሸ ማየት ይበቃል፤ የእኛ ሰነድ የቆሸሸው በቅጣቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

እስቲ ደግሞ «ቤትዎ ይቆዩ» የምትለውን እንያት። ሁለት ቃል ናት፤ ግን አንድ ሙሉ ዓለም በውስጧ አለ፤ ሳሎን ያለበት፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ማቀዝቀዣው ለሳምንት የሚበቃ ምግብ የያዘ ዓለም። የእኛ ግቢ ስድስት በር፣ አንድ መጸዳጃና አንድ ቧንቧ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሚያዝያ ላይ ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ሕይወታችን በደጃፍ ነው። ሲመሽም ሰሌን ዘርግተን በረንዳ ላይ ነው የምንውለው፣ የምናመሸውም፣ አንዳንዴም የምናድረው። ለድሬ ሰው «ቤት» ማለት ዕቃ የሚቀመጥበትና በብርድ ቀን የሚገባበት ነው፤ ብርድ ደግሞ እዚህ የለም። ነገሩ መንግሥትም ያልገባው አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በዚያው ሰሞን ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ ስላለና ቤት ያለውም ቢሆን የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያገኝ በመሆኑ እንደ ባለጸጎቹ አገሮች ሁሉን መዝጋት አንችልም ብለው ነበር። እውነቱን ነው የተናገሩት። ሆኖም እውነቱ በአንድ በኩል ሲነገር መፈክሩ በሌላ በኩል እንደ ተተረጎመ ቀረ። መፈክሩ የተጻፈው ለሌላ ሰው ቤት ነበርና።

እጅ መታጠቡም እንዲሁ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ የመጣውም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ሳሙናን አረፋ በሚነሣበት ከተማ «ለሃያ ሰከንድ ይታጠቡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ጀሪካን የተሸከመ ብቻ ነው።

ሕዝቡ ታዲያ ምን አለ? ሰው ተማረረ ሲባል ብዙዎች በሽታውን የካደ ሕዝብ ይመስላቸዋል። የካደም ነበር፤ አልክድም። እኔ የሰማሁት ምሬት ግን በአብዛኛው የሒሳብ ምሬት ነው። ሦስት ሰው የሚጭን ባጃጅ በግማሽ ጫን ሲባል አንዱ ነጂ ለትራፊክ ፖሊሱ «አንድ ሰው ተኩል ከየት ላምጣልህ አቦ?» ብሎታል። ፖሊሱም ስቋል፤ ከዚያ ቀጥቶታል። ምርጫው ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሲራዘም የተያዙት ሰዎች ገና በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ ግን ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሆነዋል። ይህን ያየ ሰው «በሽታው ፖለቲካ ያውቃል» ቢል በምን አፋችን እንመልስለታለን? አራት ሆናችሁ አትሰብሰቡ የሚለው ቴሌቪዥን ከዜናው ቀጥሎ በአዳራሽ ታጭቀው የሚያጨበጭቡ ሹማምንት ያሳይ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆየ። ቤቱ የተቀመጠውም ሰው ከዓለም ተቆረጠ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የበርጫው ነው። ድሮ በርጫ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ነበር። አራት ሰው የምትለው ቁጥር ስትመጣ ሰዉ መቃሙን አልተወም፤ በረንዳውን ተወ። ስምንት ሆኖ ጓዳ ገባ፣ መጋረጃ ጋረደ፣ መስኮት ዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ተሕዋስ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል? ፖሊስ እንዳያየን ብለን ለበሽታው የሚመቸውን ክፍል በገዛ እጃችን አዘጋጀንለት። ጭምብሉም ከአገጭ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ደንብ አስከባሪ ሲታይ ነው፤ አንዱ ከባንክ ሲወጣ በር ላይ ለቆመው ወዳጁ አውልቆ ሲያውሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ቃላቱን አንድ በአንድ ማንሣት ያስፈልጋል። የታመመ ሰው በዘመኑ አማርኛ ምን ተባለ? «ተጠርጣሪ»። የእሱ እናት፣ ሚስት፣ ጓደኛ ምን ተባሉ? «ንክኪ ያላቸው»። ማደሪያው «ለይቶ ማቆያ»፤ ከዚያ የወጣ ደግሞ «ያመለጠ»። ከጅቡቲ ተመልሰው እዚህ ከተማ ለይቶ ማቆያ የገቡ ወገኖቻችን በሰፈር ወሬ የሚነሡት በዚህ ቃል ነበር፦ «ስንት አመለጡ?» እነዚህን ቃላት ከኮሮና ነጥለን ብናነባቸው የሆስፒታል ሳይሆን የፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ይመስላሉ። ቃሉ ከባለሙያው እጅ ሲወጣ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ግን «ተጠርጣሪ» ማለት ሌባ ማለት ነው። በላዩ ላይ «መዘናጋት» መጣ። በየመግለጫው ኅብረተሰቡ ተዘናጋ፣ መዘናጋቱ ጨመረ፣ መዘናጋት ዋጋ ያስከፍላል። አንድም ቀን ውኃው ተዘናጋ፣ አልጋው ተዘናጋ፣ በጀቱ ተዘናጋ አልተባለም። የሚዘናጋው ሁልጊዜ «እርስዎ» ነዎት።

የዕለቱ መግለጫም የራሱ የአጻጻፍ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሰው ነበር፦ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ከተማው፣ የመጣበት አገር ይነገራል። መጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሞቶች ሲነገሩ የስድሳ ዓመት ሴት መሆናቸውን፣ ሌላው የ56 ዓመት ሰው መሆናቸውን ሰምተን ከንፈር መጠጥን። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ሰዎቹ ከመግለጫው ወጡ። «ባለፉት 24 ሰዓታት» ብሎ የሚጀምር፣ አኃዝ ብቻ የሚቀያየርበት ቅጽ ቀረ። ቁጥር ማቅረብ ግዴታ ነው፤ አልነቅፍም። ደራሲ ግን ከዚያ ነበር መጀመር የነበረበት።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ።

ድሬዳዋ ሕመም ለማዳዋ ነው። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አልጋ ላይ አውሏል። እኔም ነበርሁበት። መገጣጠሚያችን ታስሮ ከተማው በሙሉ እንደ መቶ ዓመት አዛውንት ጎብጦ ሲሄድ ተያይተን እንስቅ ነበር። «አንተንም ያዘህ?» «ያዘኝ አቦ፣ አንቺስ?» እየተባባልን፣ ፓፓያ ቅጠሉንም ፓራሲታሞሉንም እየተመካከርን አለፍነው። ማንም አልደበቀም። ተጠርጣሪ የተባለ አልነበረማ! የተጠረጠረችው ትንኟ ናት።

ኮሮና የያዘኝ መጋቢት 2013 ላይ ነው፤ ክትባት በአገር ደረጃ መሰጠት በተጀመረበት፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ በዓመቱ። አንድ ጠዋት ቡና ሲቆላ ጭሱን አየሁት፤ ሽታውን ግን አጣሁት። አፍንጫዬን ቆሌው ላይ ደቅኜ ብስብ ምንም የለም። ማታ ትኩሳቱ መጣ። በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ እስከ በሩ ያለችው ስድስት እርምጃ ዳገት ሆነችብኝ፤ መሐል ላይ ቆሜ ግድግዳ ይዤ ማረፍ ነበረብኝ። ስለ ትንፋሽ የምናወራው ስታጥር ብቻ ነው። የምትገባው አየር ደረት ሳትደርስ ጉሮሮ ላይ የምትመለስ ትመስላለች፤ ሌሊት ደግሞ መተንፈስን እንደ ሥራ በሐሳብህ ካልያዝኸው የሚረሳ ይመስልሃል። ሰፈርተኛው ሊጠይቀኝ ሲመጣ በበር ቀዳዳ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ነበር፤ ተጠርጣሪዎች የሚሰለፉበትን መስመር በጣቱ አሳየኝ ጥበቃው፤ መስመሩ ላይ የማስተማራቸው ልጆች ወላጆች ቆመዋል። ዞሬ ተመለስሁ።

እቴቴ፣ ታላቅ እኅቴ፣ ከደቻቱ ማዶ ናት። ደወልሁላት። በዚያን ጊዜ ስልክ ስንደውል የምንፈልገው ሰው ከማንሣቱ በፊት ስለ ጥንቃቄ የሚመክር የተቀዳ ድምፅ እንደነበር አንባቢ አይረሳም። ከመልመዳችን የተነሣ እየሰማነው አንሰማውም ነበር። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ለሁለት ቃል የምትበቃ ትንፋሽ ቆጥቤ ስጠብቅ ሙሉውን ሰማሁት። ጥርት ያለ፣ ጨዋ፣ ያልታመመ ሰው ድምፅ። ጠሪው ራሱ ታምሞ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም። እቴቴ አነሣች። «ምን ሆነሃል? ድምፅህ ምንድነው?» አለች። «ጉንፋን ነው» አልኋት።

ሾርባ ይዛ መጣች። ጉንፋን ነው ያልኋት እኔ ነኝና ጭምብል አላደረገችም፤ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች፣ ሦስት ቀን እያደረች አስታመመችኝ። በሳምንቱ እሷ ወደቀች። ኦክስጅን ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያቺ ከቀፊራ ሙሉ ዘንቢል ተሸክማ በእግሯ የምትመለስ ሴት ዛሬ ደረጃ ላይ ሁለቴ ትቆማለች። አንድም ቀን «ለምን ዋሸኸኝ?» ብላኝ አታውቅም።

አልጋ ላይ ሳለች ነው ያ ረቂቅ ትዝ ያለኝ። የልጁ ግማሽ ገጽ የምትጀምረው «ካመመህ ንገረን፣ እንመጣለን» ብላ ነበር። ያሳጠርሁት እሷን ነው። ረዥም መስላኝ፣ የጎረቤት ወሬ መስላኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርሁ ሰው፣ ከማስታወቂያው ውስጥ በሽታን አትደብቅ የምትለዋን ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ሰረዝሁ። የቀሩት ሁሉ ጤነኛን የሚያናግሩ ናቸው። ጤነኛው ይታጠብ፣ ጤነኛው ይራቅ፣ ጤነኛው ይቀጣ። የታመመው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ካለም የሚሸሹት ነገር ሆኖ ነው።

አገሪቱ በአጠቃላይ ወደ 500,000 የሚጠጋ ሕመምተኛና ከ7,500 በላይ ሞት መዝግባለች። እኔ ከተመዘገቡት አንዱ አይደለሁም። በጉንፋን ስም ያለፍን ስንት እንደሆንን የእያንዳንዱ ሰፈር ሰው በጣቱ እየቆጠረ ይነግርሃል።

ሥነ ጽሑፍ እዚህ ላይ ነበር የሚፈለገው። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1722 ስለ 1665ቱ የለንደን ወረርሽኝ ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወረርሽኙ ሲገባ ዴፎ የአምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። መጽሐፉ የከንቲባውን ትእዛዝ እንዳለ ይገለብጣል፣ በየሳምንቱ የሚወጣውን የሟቾች ቁጥርም ይደረድራል። ቢሆንም እዚያ አይቆምም። ኮርቻ ነጋዴ የሆነው ተራኪው ጎዳና ለጎዳና እየዞረ ያያል፦ ሕመምተኛ የተገኘበት ቤት ከነጤነኞቹ ሲቆለፍ፣ በሩ ላይ ቀይ መስቀል ሲቀባ፣ ሰዎች ዘበኛውን እያታለሉ ሲያመልጡ። ትእዛዙ በበጎ ሐሳብ የወጣ ቢሆንም ሰውን ሕመሙን አስደበቀው ብሎ ይከራከራል። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው የእኛን የበርጫ ጓዳ አይቶ የጻፈ ነው የሚመስለው። መግለጫውንና ሰውየውን አንድ ገጽ ላይ አገናኝቷቸዋል፤ ትልቅነቱ ይኸው ነው።

እኛስ? ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን መታ። ራስ ተፈሪ ታመው ተርፈዋል፤ ኋላም በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አንሥተውታል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በትዝታቸው መዝግበውታል። በሕዝቡ ዘንድ ግን የቀረው ስሙና ጭሱ ነው፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ያ ዘመን ማተሚያ ቤት ብርቅ የነበረበት ነው፤ ይቅርታ ይደረግለታል። በ2012 ግን ካሜራ ያልያዘ፣ መድረክ ያጣ አልነበረም። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ገጣሚው ገጠመ፣ ተዋናዩ በቴሌቪዥን ቀረበ። ሁሉም ማስታወቂያውን በዜማ ደገሙት። የሰማኋቸው ግጥሞች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ እጅ ነበሩ፤ ስለ ሳንባ አልነበሩም። ደራሲው «እርስዎ» ለሚለው ወገን ድምፅ ማጉያ ሆነ። በበጎ ፈቃድ ነው ያደረገው፣ ልክ እንደኔ። ወረርሽኙ የዓለም ሥጋት መሆኑ ማብቃቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነገር ደግሞ ሁላችንም ወደ ሌላ ጉዳይ ዞርን። ሌላ ጉዳይ ያልጠፋባት አገር ናት፤ ጦርነቱ፣ የኑሮ ውድነቱ። አልጋው ላይ የነበረው ሰው ሳይጻፍ ቀረ።

ባለፈው ኅዳር 12 እቴቴ ጋ ነበርሁ። በሰፈሯ ጥቂት ቤቶች ቆሻሻ ጠርገው አቃጥለዋል፤ እሷም ደጃፏን ጠርጋ እሳት ለኮሰች። ጭሱ ወደ እኛ ዞረና አሳላት። ሳሉ አላቆም አለ። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኋት፤ ጀርባዋን ያዝሁ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት እጇን አወናጨፈችብኝ፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉንፋን ነው» አለች።